የጀርመን ግዛቶች መታሰቢያ የብር ሳንቲሞችን እንዴት እንሰብስብ? ከዜሮ ለሚጀምር ሰው

መጀመሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን አንድ ሳንቲም ላሳያችሁ። ክብ ነው፣ ከብር የተሠራ፣ ስፋቱ 33 ሚሊሜትር። ፊቱ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ይገድላል። ቤቴ የሚመጣ ሐበሻ ሁሉ ሲያየው «ይሄ የየትኛው ደብር ነው?» ይለኛል። የደብር አይደለም። በ1915 በርሊን የተመታ የፕሩሺያ ባለ 3 ማርክ ነው። ማንስፌልድ የሚባለው የማዕድን አገር ወደ ፕሩሺያ የገባበት 100ኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። የማንስፌልድ መሳፍንት ጊዮርጊስን ጠባቂያችን ብለው በገንዘባቸው ላይ ይቀርጹት ነበር። የድሮ ወታደሮችም ያንን ገንዘብ ጥይት ይመልሳል ብለው ይይዙት ነበር። የ1915ቱ ሳንቲም የታተመው 30,000 ብቻ ነው።

እኔን ወደዚህ ነገር የሳበኝ ይሄ ነው። እያንዳንዱ ሳንቲም የተመታበት ምክንያት አለው። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ጦርነት፣ የንግሥ በዓል። ሳንቲሙን ስትይዙ ቀኑን ትይዛላችሁ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ጀማሪዎች በትንሽ ገንዘብ ጀምረው ሳይታለሉ እንዲሄዱ ነው። ምክሬ አጭር ነው፦ ትንሽ ግዙ፣ ጥሩ ግዙ፣ ከፊቱ በፊት ጠርዙን እዩ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አገሩን እንወቅ

የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት የታወጀው ጥር 18 ቀን 1871 በቬርሳይ ነው። አንድ አገር ይሁን እንጂ በውስጡ 25 ግዛቶች ነበሩ። አራት መንግሥታት፦ ፕሩሺያ፣ ባቫሪያ፣ ሳክሶኒ፣ ቩርተምበርግ። ከነሱ በታች በታላላቅ መሳፍንት፣ በመሳፍንትና በልዑላን የሚተዳደሩ ግዛቶች። በመጨረሻ ሦስት ነጻ ከተሞች፦ ሃምቡርግ፣ ብሬመን፣ ሉቤክ። ለእኛ ይህ አደረጃጀት እንግዳ አይደለም። ከላይ ንጉሠ ነገሥት፣ ከሥር ነገሥታት። አፄ ዮሐንስ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ፣ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ንጉሥ እንደነበሩት ማለት ነው።

ገንዘባቸውን አንድ ሲያደርጉ የደረሱበት ስምምነት ለእኛ ለሰብሳቢዎች ሲሳይ ሆነልን። ትንንሹ ሳንቲም፣ ባለ 1 ማርክን ጨምሮ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ። በትልልቁ ብር ግን፣ ማለትም በባለ 2፣ በባለ 3 እና በባለ 5 ማርክ ላይ፣ እያንዳንዱ ገዥ መልኩን የማስቀረጽ መብቱን ይዞ ቀረ። ነጻ ከተሞቹ ንጉሥ ስለሌላቸው አርማቸውን አስቀረጹ። ጀርባው ግን የሁሉም አንድ ነው፤ የንስሩ አርማ።

አንድ፦ ሦስቱን መጠኖች በቃል ያዙ

ይህን ሳታውቁ ገበያ አትውጡ። ሦስቱም ከ1000 እጅ 900 ብር ናቸው። የቀረው መዳብ ነው።

ባለ 2 ማርክ፦ 11.11 ግራም፣ 28 ሚሊሜትር፣ ውስጡ 10 ግራም ንጹሕ ብር።
ባለ 3 ማርክ፦ 16.67 ግራም፣ 33 ሚሊሜትር፣ 15 ግራም ንጹሕ ብር።
ባለ 5 ማርክ፦ 27.78 ግራም፣ 38 ሚሊሜትር፣ 25 ግራም ንጹሕ ብር።

ልብ በሉ፣ እያንዳንዱ ማርክ 5 ግራም ንጹሕ ብር ነው። ይህን ከያዛችሁ ሌላውን በጭንቅላት ታወጡታላችሁ።

ባለ 3 ማርኩ የራሱ ታሪክ አለው። እስከ 1907 ድረስ አሮጌው ታለር በ3 ማርክ ሒሳብ ይሠራ ነበር። እሱ ከገበያ ሲወጣ ሕዝቡ ያንን መጠን ለምዶታልና በ1908 ባለ 3 ማርክ መጣ። ሰዉም «ታለር» እያለ መጥራቱን አልተወም። ታለር ለእኛም ባዳ አይደለም፤ ጠገራ ብር የምንላት ማርትሬዛ ታለር ናት። ማርትሬዛ 28.07 ግራም ትመዝናለች፣ ባለ 5 ማርኩ 27.78። ሁለቱን በሁለት እጃችሁ ብትይዙ ክብደታቸውን አትለዩም። የብሩ ጥራት ግን ይለያያል፤ ማርትሬዛ ከ1000 እጅ 833 ናት። ሌላም ልዩነት አለ። ማርትሬዛ መቼም ትመታ መቼ 1780 ብላ ነው የምትወጣው። የጀርመኑ መታሰቢያ ግን ከዓመቱ ጋር የተሳሰረ ነው።

ሁለት፦ መንገዳችሁን ምረጡ

ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። «ከ25ቱም ግዛት አንድ አንድ» ብሎ ይነሣል። ሐሳቡ ያምራል። ግን መንገዱ ላይ ቫልዴክ የምትባል ትንሽ ግዛት አለች። በዚያ ዘመን ያስመታችው የብር ሳንቲም የ1903ቱ ባለ 5 ማርክ ብቻ ነው፣ እሱም 2,000 ብቻ። ያንን አንድ ሳንቲም ለመግዛት የምታወጡት ገንዘብ የሌላውን ስብስብ በሙሉ ይገዛል። ስለዚህ ይህን ሐሳብ ለኋላ አቆዩት።

እኔ የምመክረው በአንድ ርእስ መጀመር ነው። በጣም የምወደው የዩኒቨርሲቲዎቹ ነው፤ አራት ናቸው። የና 350ኛ ዓመቷን በ1908፣ ላይፕሲግ 500ኛዋን በ1909፣ በርሊን 100ኛዋን በ1910፣ ብሬስላው 100ኛዋን በ1911 አከበሩ። የናና ላይፕሲግ በባለ 2 እና በባለ 5 ማርክ ወጡ። በርሊንና ብሬስላው በባለ 3 ማርክ ብቻ። የብሬስላው 400,000፣ የበርሊን 200,000፣ የላይፕሲግ ባለ 2 ማርክ 125,000፣ የየና ባለ 2 ማርክ 50,000 ታተሙ። ከብዙው ጀምራችሁ ወደ ጥቂቱ መሄድ ትችላላችሁ። አራቱን ስትጨርሱ 50 ግራም ንጹሕ ብርና የአራት ከተማ ታሪክ በእጃችሁ ገባ ማለት ነው። ከአራቱ የብሬስላው ከተማ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ነው፣ ቭሮትስዋፍ ይባላል። ሳንቲሙ የጠፋ ካርታ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከናፖሊዮን ጋር የተደረገው የ1813 ጦርነት 100ኛ ዓመት ነው። በ1913 ፕሩሺያ በባለ 2 እና በባለ 3 ማርክ ንጉሡን በፈረስ፣ ሕዝቡን በዙሪያው አድርጋ አስመታች። በጀርባው የተለመደው አርማ የለም፤ ንስሩ እባብ በጥፍሩ ይዞ ይታገላል። ሳክሶኒም በዚያው ዓመት የላይፕሲግን የጦር ሐውልት በባለ 3 ማርክ ላይ አስቀረጸች። ሐውልቱ ዛሬም 91 ሜትር ቆሞ አለ፣ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። እነዚህ ብዙ ስለተመቱ ዋጋቸው አይከብድም። የፕሩሺያው ባለ 3 ማርክ ብቻ 2,000,000 ነው። አንድ ሰው ደውሎ «ከየትኛው ልጀምር?» ቢለኝ ይህንን ነው የምለው።

ሦስተኛው የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ሠርግ፣ የብርና የወርቅ ኢዮቤልዩ፣ ለቅሶ። የባደኑ ታላቅ መስፍን ፍሪድሪሽ በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ታስቧል። በ1902 የነገሠበት 50ኛ ዓመት፣ በ1906 ከሉዊዘ ጋር የተጋቡበት 50ኛ ዓመት፣ በ1907 ሞቱ። ሦስቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ አንድ ሽማግሌ ከሚስቱ ጋር ኖሮ ሲሰናበት ታያላችሁ።

ሦስት፦ ሳንቲሙን ማንበብ ተማሩ

ፊቱ የገዥውን መልክና ስሙን ይዟል። ጀርባው ንስሩንና ዋጋውን። ከዚያ አንዲት የላቲን ፊደል ፈልጉ። የት እንደተመታ የምትነግራችሁ እሷ ናት። ኤ ከሆነች በርሊን፣ ዲ ሙኒክ፣ ኢ በሳክሶኒ የምትገኘው ሙልደንሁተን፣ ኤፍ ሽቱትጋርት፣ ጂ ካርልስሩኸ፣ ጄ ሃምቡርግ። ከ1887 በፊት ኢ የድሬስደን ነበረች።

ይህች ፊደል ጌጥ ብቻ እንዳትመስላችሁ፤ ዘበኛ ናት። የባቫሪያ ሳንቲም ዲ፣ የሳክሶኒ ኢ፣ የቩርተምበርግ ኤፍ፣ የባደን ጂ መሆን አለባት። የፕሩሺያ መታሰቢያዎች ሁሉ ኤ ናቸው። የራሳቸው ማተሚያ የሌላቸው ትንንሽ ግዛቶችም በአብዛኛው በርሊን ነው ያስመቱት። የባቫሪያ ንጉሥ መልክ ይዞ ኤ ያለበት ሳንቲም ካያችሁ ሂሳቡን ሳትጠይቁ መልሱት።

ጠርዙን ደግሞ እዩ። ባለ 2 ማርኩ ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። ባለ 3 እና ባለ 5 ማርኩ ግን ጠርዙ ላይ ጽሑፍ ተቆፍሮበታል፤ «ጎት ሚት ኡንስ»። በእኛ አማኑኤል ማለት ነው፣ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር።

የሳንቲሙ መታወቂያ ደግሞ የዬገር ቁጥር ይባላል። ኩርት ዬገር የሚባል ሰው ባዘጋጀው ካታሎግ ከ1871 ወዲህ ለወጣው ለእያንዳንዱ የጀርመን ሳንቲም ቁጥር ሰጥቶታል። ነጋዴውም ጨረታውም በዚህ ቁጥር ነው የሚግባባው። የብሬስላው 108፣ የ1913ቱ ንስርና እባብ ባለ 3 ማርክ 110፣ የጊዮርጊሱ ማንስፌልድ 115፣ የላይፕሲጉ ሐውልት 140 ነው። ካታሎጉን አንድ ቅጂ ግዙ፣ ያገለገለም ቢሆን። ከሳንቲም በፊት መጽሐፍ ይግዛ የሚባለው ለዚህ ነው።

አራት፦ ዋጋውን ራሳችሁ አስሉ

ዋጋው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የብሩ ዋጋ ነው። የዓለም ገበያ ብርን የሚለካው በ31.1 ግራም ወቄት ነው። ስለዚህ ባለ 3 ማርኩ ወደ 0.48 ወቄት፣ ባለ 5 ማርኩ ወደ 0.80 ወቄት ንጹሕ ብር አለው። የዕለቱን ዋጋ በስልካችሁ አውጡና አባዙት። ያ ወለሉ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ሰብሳቢው የሚጨምረው ነው። ስንት ተመታ፣ ስንቱ ተረፈ፣ ምን ያህል ንጹሕ ሆኖ ደረሰ የሚለው። እዚህ ላይ አንዲት ፊደል ሳይቀር ገንዘብ ትለውጣለች። የ1911ዱ የቩርተምበርግ ባለ 3 ማርክ የንጉሡና የንግሥት ሻርሎተ የብር ኢዮቤልዩ ነው። በብዛት ይገኛል። ነገር ግን በንግሥቲቱ ስም ሁለተኛዋ ፊደል፣ ኤች፣ መሃሏ ያለችው አግድም መስመር ከፍ ብላ የተቀረጸችበት አለ። እሱ 7,000 ብቻ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። አጉሊ መነፅር ይዞ የሚያይ ሰው የሚያገኘው እንዲህ ያለውን ነው።

የብራውንሽቫይግም እንደዚሁ ነው። የዚያ ግዛት መስፍን ኤርንስት አውጉስት የንጉሠ ነገሥቱን የዳግማዊ ቪልሄልምን ልጅ በ1913 አገቡ። በጋብቻው የሁለት ቤተሰብ የቆየ ቂም ተፈታና ሰውየው ሥልጣን ያዙ። በ1915 መታሰቢያ ሲመታ በመጀመሪያው ላይ ማዕረጋቸው ውስጥ ሉነቡርግ የሚለው ስም አልገባም። ከዚያ ስሙ ገብቶ እንደገና ተመታ። ባለ 3 ማርኩ ያለ ስሙ 1,700፣ ከነስሙ 31,634 ነው። የሁለት ቃል ልዩነት ነው፤ የዋጋው ልዩነት ግን ሰማይና ምድር።

አምስት፦ የይዞታ ቃላት

የጀርመን ሻጮች አምስት ቃል አላቸው። «ሾን» ማለት ቆንጆ ቢሆንም እንደ ቃሉ አይደለም፤ በጣም ያለቀ ሳንቲም ነው። «ዜር ሾን» ያገለገለ፣ ግን ዝርዝሩ የሚታይ። «ፎርትሱግሊኽ» ገና ጥቂት የተነካ። «ሽቴምፐልግላንትስ» ከማተሚያው እንደወጣ፣ እጅ ያልነካው። «ፖሊርቴ ፕላቴ» ደግሞ ለሰብሳቢ ተብሎ እንደ መስታወት እንዲያበራ የተመታ።

ለጀማሪ ፎርትሱግሊኽ በቂ ነው። ጉንጩን፣ የፀጉሩን ዘለላ፣ የንስሩን ደረት እዩ። መጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ፖሊርቴ ፕላቴ የሚለውን ግን በጥንቃቄ። አንድ ሰው በጨርቅ ወልውሎ ያበራውን ሳንቲም በዚህ ስም ሊሸጥላችሁ ይችላል።

ስድስት፦ የት እንግዛ?

ከመግዛታችሁ በፊት ኦሪጅናሉን እዩ። በርሊን ያላችሁ ቦደ ሙዚየም ውስጥ የሳንቲም ክፍሉን ግቡ፤ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነው። ድሬስደን ያላችሁም በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሌላ አለላችሁ። ዓይን የሚማረው በማየት ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት በር አለ። የመጀመሪያው የሳንቲም ሱቅ ነው። ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ነጋዴው ስለ ኦሪጅናልነቱ ዋስትና ይሰጣል፣ ደረሰኝ ይሰጣል፣ እጃችሁ ላይ አስቀምጦ ያሳያችኋል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳንቲሞች ከእንዲህ ያለ ሰው ግዙ። ሁለተኛው ጨረታ ነው። ጥሩ ዕቃ የሚገኘው እዚያ ነው። ነገር ግን ያሸነፋችሁበት ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። «አውፍጌልድ» የሚባል የጨረታ ቤቱ ኮሚሽን ይጨመራል፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶ። በ100 ዩሮ ያሸነፋችሁት ሳንቲም ፖስታውን ሳይጨምር 120 ወይም 125 ይሆናል። ዋጋ ስትጠሩ ይህን ቀንሳችሁ ጥሩ። ሦስተኛው የአደባባይ ገበያና ኢንተርኔት ነው። እዚያ የሚገባው ቀጣዩን ደረጃ በደንብ ያነበበ ሰው ነው።

ሰባት፦ ፎርጅዱን መለየት

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

መሣሪያችሁ ጥቂት ነው። ከግራም መቶኛ የሚለካ ዲጂታል ሚዛን፣ ካሊፐር፣ አሥር ጊዜ የሚያጎላ አጉሊ መነፅር፣ ማግኔት፣ ክር። ሁሉም አንድ ላይ ከአንድ ጥሩ ሳንቲም ዋጋ አይበልጥም።

በማግኔት ጀምሩ። ብር አይሳብም። የተሳበ ሁሉ ውድቅ ነው። ያልተሳበ ሁሉ ግን ኦሪጅናል አይደለም፤ መዳብና ነሐስም አይሳቡም።

ከዚያ መዝኑ። ባለ 3 ማርክ 16.67 አካባቢ መሆን አለበት። ብዙ ያገለገለ ትንሽ ይቀንሳል። 15 ግራም ወይም 18 ግራም ካነበባችሁ ግን ነገሩ አልቋል። ስፋቱን በካሊፐር ለኩ።

አሁን ሳንቲሙን ፊቱ ወደናንተ ሆኖ ከላይና ከታች በሁለት ጣት ያዙትና እንደ በር ወደ ጎን አዙሩት። ንስሩ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የጀርመን ሳንቲም ፊትና ጀርባው ጭንቅላቱ ወደ አንድ ወገን ነው። ንስሩ ተዘቅዝቆ ከመጣ ጥርጣሬያችሁ ይጨምር።

ጠርዙን በመነፅር እዩ። የተቆፈሩት ፊደላት ዳራቸው ስለታም ነው? ወይስ የቀለጠ ቅቤ ይመስላሉ? በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን የመገጣጠሚያ መስመር ካለ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው። ፊቱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ካሉም እንደዚያው።

የመጨረሻው የውሃ ፈተና ነው። እኔ በጣም የማምነው ይህንን ነው። ሚዛኑ ላይ ግማሽ ውሃ ያለው ብርጭቆ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር እሰሩት። ቀስ አድርጋችሁ ውሃው ውስጥ አውርዱት። ሙሉ በሙሉ ይስጠም፣ ግን የብርጭቆውን ታችም ጎንም አይንካ። እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፉ። ሳንቲሙ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ካለ ክሩን ነካ ነካ አድርጋችሁ አራግፉት። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የሳንቲሙ ይዘት ነው። 900 ብር በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ ወደ 10.3 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ባለ 2 ማርክ 1.08፣ ባለ 3 ማርክ 1.62፣ ባለ 5 ማርክ 2.70 አካባቢ ማሳየት አለበት። በብር የተለበጠ መዳብ ቢሆን፣ ክብደቱን አስተካክለው ቢሠሩት እንኳ፣ ባለ 3 ማርኩ ወደ 1.87 ይወጣል። ክብደት ይስተካከላል፤ ክብደትንና ይዘትን አንድ ላይ ማስተካከል ግን ለርካሽ ብረት በጣም ከባድ ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ በለስላሳ ጨርቅ ውሃውን ምጠጡለት፣ አትፈግፍጉት።

ይህ ፈተና የማይይዘው ከእውነተኛ ብር የተሠራ ፎርጅድ አለ። እሱ የሚመጣው በውድ ሳንቲሞች ላይ ነው። ሦስቱን በስም እወቋቸው። የ1917ቱ የሳክሶኒ ባለ 3 ማርክ፣ ፍሪድሪሽ ጥበበኛው ያለበት፣ የሉተር ተሐድሶ 400ኛ ዓመት መታሰቢያ፣ ቁጥሩ 141። 100 ብቻ ነው የታተመው። የ1918ቱ የባቫሪያ የወርቅ ኢዮቤልዩ ባለ 3 ማርክ፣ ቁጥሩ 55፤ 130 ገደማ። የ1916ቱ የቩርተምበርግ፣ ቁጥሩ 178፤ 1,000። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በአደባባይ ገበያ «አያቴ ትተውልኝ ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ አመስግናችሁ እለፉ። እንዲህ ያሉት በትልልቅ የጨረታ ቤቶች፣ ከነታሪካቸው ነው የሚሸጡት።

ሌላ ጉዳት አለ፤ ፎርጅድ ያልሆነ፣ ግን ዋጋ የሚገድል። እኔን አንድ ጊዜ አግኝቶኛል። የ1906ቱን የባደን የወርቅ ኢዮቤልዩ ባለ 5 ማርክ ከአደባባይ ገበያ ገዛሁ። ሽማግሌውና ሚስቱ ጎን ለጎን፣ ብሩ ያብረቀርቃል። ክብደቱ ልክ፣ ፊደሉ ጂ። ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁ። ማታ በመብራት ሥር ጠርዙን ሳዞር ከላይ፣ በሰዓት 12 ቁጥር በሚሆንበት ቦታ፣ «ጎት ሚት ኡንስ» ከሚለው ላይ አንዷ ፊደል ጠፍታለች። ቦታው ተሞርዶ ለስልሷል፣ ቀለሙም ከሌላው ይለያል። አንድ ሰው ቀለበት በይዶበት በአንገቱ ያንጠለጥለው ነበር። በኋላ ቀለበቱ ተነቅሎ ቦታው ተሞርዷል። ጀርመኖች «ሄንከልሽፑር» ይሉታል፣ የማንጠልጠያ ዱካ። ዋጋውን በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይጥለዋል።

ነገሩ ለእኛ የሚገርም አይደለም። አገር ቤትም ማርትሬዛ ስንት አንገት ላይ ተንጠልጥላለች፣ ስንት አንጥረኛ አቅልጦ መስቀል ሠርቶባታል። ሰው የሚወደውን ብር ይለብሰዋል። ቢሆንም ስትገዙ ሙሉውን ጠርዝ፣ በተለይ ከላይ፣ አንድ ዙር ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ። ኢንተርኔት ላይ ከሆነ የጠርዙን ፎቶ ጠይቁ። ፎቶ ያልላከ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ስምንት፦ አታጽዱት

ይህን በጣም እለምናችኋለሁ። ብር ከዕድሜ ጋር ይጠቁራል። ግራጫ ይሆናል፣ አንዳንዴ ጠርዙ ላይ ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም ያወጣል። ያ ቆሻሻ አይደለም። ሰብሳቢው የሚከፍልበት ነው። በአመድ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በብር ማጽጃ ፈሳሽ ያበራ ሳንቲም ላዩ ይላጣል፣ ወደ ቦታውም አይመለስም።

የሚፈቀደው አንድ ነገር ነው። አሮጌ ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ የቆየ ሳንቲም አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይይዛል። ከፒቪሲው የሚወጣ ነው፣ ብሩንም ይበላዋል። በንጹሕ አሴቶን ውስጥ አስቀምጣችሁ ታወጡታላችሁ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ሌላ ነገር ስለተቀላቀለበት አይሆንም። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አጠገብ አትሁኑ።

ሳንቲሙን ሁልጊዜ በጠርዙ ያዙ፣ የጣት አሻራ ብር ላይ ይቀራል። ማስቀመጫው ጠንካራ ካፕሱል ወይም ፒቪሲ የሌለበት ገጽ ይሁን። 28፣ 33 እና 38 ሚሊሜትር ብላችሁ ብትጠይቁ ልኩን ይሰጧችኋል። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ደረቅ ቦታ፣ አዲስ ጫማ ስትገዙ የምታገኟትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አብራችሁ። ወጥ ቤት አጠገብ አታስቀምጡት፤ እንፋሎቱና የሽንኩርቱ ድኝ ብሩን ቶሎ ያጠቁረዋል።

ዘጠኝ፦ መዝግቡ

ደብተርም ሆነ ኤክሴል፣ የፈለጋችሁት ይሁን። ለእያንዳንዱ ሳንቲም የዬገር ቁጥሩን፣ ግዛቱን፣ ዓመቱን፣ ፊደሉን፣ እናንተ የመዘናችሁትን ክብደት፣ የውሃውን ቁጥር፣ የገዛችሁበትን ቀንና ዋጋ ጻፉ። ሦስት ፎቶ አንሱ፤ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጠርዙን። ደረሰኙን አትጣሉ። ነገ ብትሸጡትም፣ ድንበር ብትሻገሩበትም፣ ለልጅ ብታወርሱትም የሚጠየቀው እሱ ነው።

በዚያው ገጽ ላይ አንድ ቦታ ትርፍ ተዉ። ሳንቲሙ ስለ ምን እንደተመታ በራሳችሁ ቃል ሁለት መስመር ጻፉበት። የእኔ የጊዮርጊሱ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «115። ፕሩሺያ፣ 1915፣ ኤ። 16.64 ግራም፣ ውሃ 1.62። ማንስፌልድ፣ የመዳብና የብር አገር፣ 100 ዓመት ከፕሩሺያ ጋር። ዘንዶው ከፈረሱ እግር ሥር ነው።»